«ጓንትሽስ?» ከማለት በፊት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ባለፈው ሳምንት በደብዳቤዎች ገጻችሁ ላይ አንድ አንባቢ እናታቸውን ሆስፒታል አስተኝተው ነርሷ ያለ ጓንት ፕሬዠር ለካች፣ ሙቀት ለካች ብለው ተቆጥተው የጻፉትን አነበብኩ። መቆጣታቸው አይፈረድባቸውም፣ የእናት ነገር ነው። ግን እኔም ነርስ ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፣ ይሄ የጓንት ጉዳይ ብዙ ሰው ጋ ተገልብጦ ነው የገባው።

ፕሬዠር ለመለካት፣ ሙቀት ለማየት፣ ጡንቻ ላይ መርፌ ለመውጋት ጭምር ጓንት ግዴታ አይደለም፣ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም እንደዛ ነው የሚለው። ጓንት የሚያስፈልገው ደም፣ ሽንት፣ የተከፈተ ቁስል፣ አፍ ውስጥ ምናምን ሲነካ፣ ደም ሲቀዳ፣ ካኑላ (ደም ስር ውስጥ የሚቀመጠው ቱቦ) ሲገባና ሲነቀል ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ባዶ እጇን የመጣችው ሳትሆን አንድ ጓንት አጥልቃ ከአልጋ አልጋ የምትዞረዋ ናት። ጓንቱ የሚጠብቀው የሷን እጅ ነው፣ በሽተኛው ላይ የሚያርፈው ግን የጓንቱ ውጪ ነው፣ እዛ ላይ ደሞ የቅድሙ በሽተኛ ባክቴሪያ አለ። አስታማሚ ግን ጓንት ሲያይ ልቡ ያርፋል፣ እጇን በአልኮል አሽታ የመጣችዋን «ጓንትሽስ?» ይላታል።

ሆስፒታል ውስጥ ከአንዱ በሽተኛ ወደ ሌላው ኢንፌክሽን የሚያሻግረው በዋናነት እጅ ነው። አሲኔቶባክተር የሚባለውን ባክቴሪያ ውሰዱ፣ የአልጋ ብረት ላይ፣ የፕሬዠር መለኪያው ጨርቅ ላይ ደርቆ ሳምንታት ይቆያል፣ ብዙ ጊዜ ደሞ ያ ሁሉ ሰው የሚያውቀው አንቲባዮቲክ ሴፍትሪያክሶን አይሰራለትም። ክሌብሲላ የሚባለው ባክቴሪያም ጨቅላ ሕፃናት ክፍል አንዴ ከገባ ማስወጣቱ መከራ ነው፣ ገና ኪሎ ያልሞላ ልጅ ላይ ሲገኝ ማየት ደሞ ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ፣ ዋናው እሱ ስለሆነ። በሳሙና በደንብ መታጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይፈልጋል። 20 በሽተኛ የያዘች ነርስ በሽተኛ በቀየረች ቁጥር አንዴ ብቻ ብትታጠብ እንኳ በትንሹ 13 ደቂቃ ነው፣ ያውም ቧንቧው ውሃ ካለው፣ ያውም ዋርዱ ጫፍ ድረስ ተመላልሳ። ውሃ ሲጠፋ በርሜልና ጆግ ነው፣ ጆጉን ደሞ ሁሉም ሰው በቆሸሸ እጁ ይነካዋል። በአልኮል ማሸት ግን ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይበቃል፣ እጅ በዓይን የሚታይ ቆሻሻ ካለው በቀር ውሃም አይፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት ሆስፒታሎች ራሳቸው እንዲሰሩት ቀመሩን ካወጣ ቆይቷል፦ ለ10 ሊትር 8,333 ሚሊ ሊትር 96 ፐርሰንት ኢታኖል፣ 417 ሚሊ ሊትር 3 ፐርሰንት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ 145 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን፣ የቀረው ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ ከዛ 72 ሰዓት ማስቀመጥ። ፋርማሲስት ላለው ሆስፒታል ይሄ ከባድ አይደለም፣ ፊንጫና መተሐራ ኢታኖል የሚያመርቱ ስኳር ፋብሪካዎች ያሉባት አገር ውስጥ ነው ያለነው። ግን ስንት ቦታ ነው ጠርሙሱ ያልቃል ተብሎ ቢሮ ተቆልፎበት የሚቀመጠው? መሆን ያለበት አልጋው ራስጌ ነው፣ እጅ የሚደርስበት፣ ሌላ ቦታ ከሆነ አይጠቅምም።

ሰው የማያየው ሌላም ስራ አለ። ድሬሲንግ ስንሰራ ከንጹሁ ቁስል ጀምረን መግል ያለውን መጨረሻ ላይ የምናደርገው ለወረፋ አይደለም። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) በየቀኑ «ዛሬስ ያስፈልጋል?» ተብሎ መጠየቅ አለበት፣ አንድ ቀን በቆየ ቁጥር የሽንት ኢንፌክሽን ዕድሉ ይጨምራል፣ ስለዚ ነርስ «ዶክተር ይሄ ይውጣ» ስትል ሊሰማት ይገባል። የቲቢ በሽተኛ ያለበት ክፍል ደሞ ብርድ ነው ተብሎ መስኮት ሲዘጋ አንጀቴ ነው የሚያርር፣ ቲቢ እኮ በአየር ነው የሚተላለፈው፣ ያ መስኮት መድኃኒት ማለት ነው።

አስታማሚዎቻችንን በጣም ነው የማከብረው፣ እነሱ ባይኖሩ ዋርድ አይቆምም ነበር። የራሳቸው ሰው ሳይበቃቸው የጎረቤት አልጋውን በሽተኛ የሽንት ከረጢት የሚደፉለት እነሱ ናቸው፣ ወዲያው ደሞ ዞረው የራሳቸውን ሰው ያጎርሳሉ፣ እዛ መሃል እጅ መታጠብ ያለበት መሆኑን ግን ማን ነገራቸው? ማንም። ሲገቡ በአምስት ደቂቃ ማስረዳት ይቻላል፣ እነሱም ደስ እያላቸው ያደርጉታል። ሊጠይቅ የሚመጣው ሰው ደሞ ሳል ካለው በስልክ ይጠይቅ፣ አልጋው ላይም አይቀመጥ።

ለጸሐፊው የምለው፣ ነርሷን መጠየቅዎን አይተዉ፣ ግን «እጅሽን አጸዳሽ?» ብለው ይጠይቋት፣ እኔ ብሆን አልቀየምም። ጋዜጣውን ደሞ አንድ ነገር ልለምን፣ ሪፖርተር ልካችሁ በየሆስፒታሉ ስንት አልጋ ራስጌው ላይ አልኮል እንዳለው፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚጠፋ ቆጥራችሁ በቁጥሩ አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የዋርድ ነርስ፣ ከደሴ