ሴት ጥጃ ስለሚያስወልደው አባላዘር፦ ስንሸጥላችሁ ያላስረዳናችሁ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ስልካችን የሚጮኸው በአንድ ጉዳይ ነው። አንዱ «ሴት ብላችሁን ወንድ ወለደች» ይላል። ሌላው «ጭራሽ አልያዘችም» ይላል። ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም። ስንሸጥላችሁ በደንብ ማስረዳት ነበረብን።

ጾታው የተለየ አባላዘር፣ ማለትም ሴት ጥጃ እንዲያስወልድ የተለየ የኮርማ ዘር፣ ውስጥ የተጨመረ መድኃኒት የለም። ሴት የሚያስወልደው ስፐርም ወንድ ከሚያስወልደው በ4 በመቶ ገደማ የበለጠ ዲኤንኤ ይይዛል። ላቦራቶሪው ስፐርሙን ዲኤንኤ ላይ በሚጣበቅ ቀለም ይነክረዋል። ከዚያ በሌዘር ጨረር ፊት አንድ በአንድ ያሳልፈዋል። ብዙ ዲኤንኤ ያለው ደመቅ ብሎ ይታያል፤ ማሽኑም በድምቀቱ ይለየዋል። ልዩነቷ ግን ጠባብ ናት። ከ10 ጥጃ 9 ያህሉ ሴት ይሆናል፤ አሥረኛው ወይፈን ቢሆን ማንም አላጭበረበራችሁም።

የማይዝበትም ምክንያት ከዚሁ ይመጣል። ስፐርሙ በማሽኑ ሲያልፍ ይንገላታል፤ ዕድሜውም ያጥራል። ቁጥሩም ትንሽ ነው። የተለመደው ስትሮው (አባላዘሩ የሚቀመጥበት ቀጭን ቱቦ) 20 ሚሊዮን ገደማ ስፐርም ሲይዝ ይሄኛው 2 ወይም 4 ሚሊዮን ቢይዝ ነው።

ስለዚህ ለጊደሮቻችሁ አድርጉት። ጊደር፣ ከዚህ በፊት ከወለደች ላም ይልቅ፣ የተሻለ ትይዛለች። ሴት ጥጃ አነስ ስለምትልም የመጀመሪያው ምጥ ይቀላል። ሦስት ጊዜ ተዳቅላ እምቢ ላለች ላም ግን ገንዘባችሁን አትድፉ። ገበያችንን በራሳችን እጅ እየዘጋን መሆኑ ይገባናል፤ ግን እውነቱ ይሄው ነው።

ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። መጮኋ ወይም መቅበጥበጧ ብቻ አይበቃም። ሌላ ከብት ስትወጣባት ሳትሸሽ ቀጥ ብላ ከቆመች፣ ያኔ ሰዓታችሁን እዩ። በተለመደው አባላዘር ጠዋት የታየችው ማታ ትዳቀላለች። ለዚህኛው ግን ትንሽ እንዘገያለን፤ ቆማ ከታየችበት ጊዜ ጀምሮ ከ16 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ። እንቁላሉ የሚወጣው ቆይቶ ነው፤ ደካማው ስፐርም ደግሞ ብዙ አይጠብቅም።

ቴክኒሻናችን ስትሮውን ከናይትሮጂን ጋኑ ሲያወጣ ወሬ አታስጀምሩት። ከ35 እስከ 37 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ውስጥ ከትቶ ሰከንድ እየቆጠረ ነው። ከዚያም ስትሮውን በደንብ ያደርቃል፤ የውሃ ጠብታ ከገባበት ስፐርሙ ይሞታል።

ከእንግዲህ ስትደውሉልን «ኮርማ ፈልጋለች» ብቻ አትበሉን። ስንት ሰዓት ላይ ቆማ እንዳያችኋት ንገሩን። ካላያችሁም «አላየሁም» በሉን፤ የተለመደውን ይዘን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር
የማዳቀል አገልግሎት ክፍላችን