የእንግሊዝኛ ክበብ፦ «አልፋቤት» ከየት መጣ?

ዘንድሮ የእንግሊዝኛ ክበባችን ቃል በመሸምደድ ጊዜ አላጠፋም። አንድ ቃል እንይዛለን፣ ትርጉሙን እንፈታለን፣ ከዚያ «ከየት መጣ?» ብለን እንጠይቃለን። መዝገበ ቃላት ስንፈልግ አራት ኪሎ ወዳለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በእግራችን እንሄዳለን። ቅርባችን በመሆኑ ታድለናል።

ከሁሉም ልጆቹን የያዘው «አልፋቤት» ነው። እንግሊዝኛ በላቲን በኩል ከግሪክ ያገኘው ቃል ነው፤ «አልፋ» እና «ቤታ» የተባሉት ሁለት ፊደላት ስም ተጋጥሞ የወጣ። ግሪኮች ደግሞ ፊደሉን ከነስሙ የወሰዱት በጥንት ዘመን በዛሬዋ ሊባኖስ ጠረፍ ይኖሩ ከነበሩት ከፊንቄያውያን ነው። በፊንቄያውያን ቋንቋ አሌፍ በሬ ነው። ቤትስ? ብዬ ሳልጨርስ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከኋላ «ቲቸር፣ ቤት ቤት ነዋ!» አለች። ልክ ናት! ቋንቋቸው እንደ ግዕዝና አማርኛ ሴማዊ ነው። በግዕዝም «አ» አልፍ፣ «በ» ቤት ይባላሉ። ትልቁን «ኤ» ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ገልብጬ ስጽፈው የበሬው ሁለት ቀንዶች ወጡ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

በዚህም አላበቃም። ቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ አንድ አባላችን ተነስቶ «አ ቡ ጊ ዳ» እያለ ያንበለብለው ጀመር። ከአልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ፣ ዴልታ ጋር ስናስተያየው ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ይሄ «አቡጊዳ» ዛሬ የእንግሊዝኛም ቃል ነው። ፒተር ዳንኤልስ የተባሉ የቋንቋ ምሁር በ1990 እ.ኤ.አ. ከእኛው ወስደው፣ እንደ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን በአንድ ምልክት ለሚይዙ የአጻጻፍ ሥርዓቶች መጠሪያ አደረጉት። ሂንዲ የሚጻፍበት ዴቫናጋሪም በእንግሊዝኛ አቡጊዳ ይባላል። ይህን ስናገር የልጆቹ ፊት ሲበራ ማየት ለእኔ የዓመቱ ትልቁ ደስታ ነበር።

ሌሎችም ቃላት አይተናል። «ማስል»፣ ማለትም ጡንቻ፣ በላቲን ትንሽ አይጥ ማለት ነው። ያን ዕለት ክንዱን እያጠፈ አይጧን ያልፈለገ ልጅ የለም። «ኳራንቲን»፣ ማለትም ለይቶ ማቆየት፣ «አርባ» ከሚለው ቃል የወጣ ሲሆን የመጣው መርከቦች ወረርሽኝ እንዳያስገቡ አርባ ቀን ይቆዩ ከነበረባት ከቬኒስ ነው።

እንግሊዝኛ ሲባል አንገታቸውን ይደፉ የነበሩ ልጆች አሁን ኮሪደር ላይ አስቁመው «ይሄስ ቃል?» ይሉኛል። ምዝገባ መስከረም ላይ ይጀመራል። በተለይ «እንግሊዝኛ አይሆንልኝም» የምትሉ ኑ፤ ቦታ አለ።