ቴክሳስ ልትመጪ ነው አሉ

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እማማ ጉልበታቸው እንዴት ሆነላቸው? ልጆቹስ? ለበዓል «እንኳን አደረሰሽ» ከመባባል አልፈን ሳንጫወት ስንት ጊዜ ሆነን! ባለፈው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ካንቺው ሜሪላንድ የመጣች አንዲት የሲልቨር ስፕሪንግ ሴት አገኘችኝና «ጓደኛሽም ቤቷን ሸጣ ወደናንተ ልትመጣ ነው» አለችኝ። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ሆዴን ባር ባር አለው። በስልክ ከጀመርነው ስለ ልጆችና ስለ እከሊት ሰርግ አውርተን እንደምንዘጋው አውቃለሁ። ስለዚህ ልጻፍልሽ አልኩ።

የቤቱ ነገር እውነት ነው። እዛ ኮንዶ በሚገዛ ገንዘብ እዚህ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ግቢ ያለው ቤት ይገኛል። የስቴት የገቢ ግብርም የለም። የቤት ግብሩ ግን ጠንካራ ነው፤ ይህን ደላላ አይነግርሽም። እንጀራው፣ ቡናው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉም አለ። ሙቀቱን ደግሞ መጥተሽ ታይዋለሽ።

የኔ ሐሳብ የመምህርነት ሥራው ላይ ነው። ሰው ሁሉ «መምህር በየቦታው ጠፍቷል፣ በማግስቱ ትቀጠሪያለሽ» ይልሻል። ለኔም ያልነገረኝ የለም። መምህር መጥፋቱ እውነት ነው። ግን ጠፋ ማለት በሩ ተከፍቶ ይጠብቅሻል ማለት አይደለም።

ከማስተማሪያ ፈቃዱ፣ ከላይሰንሱ ልጀምር። ብዙ ሰው እንደ መንጃ ፈቃድ ወረፋ ይዘሽ የምትቀይሪው ይመስለዋል። በስቴቶች መካከል ስምምነት አለ ሲባልም ሰምተሻል። አለ። ግን ስምምነቱ «ወረቀትሽን እናያለን» ነው የሚለው፤ ምን እንደሚጎድልሽ የሚወስነው የምትሄጂበት ስቴት ነው። በ2023 ደግሞ አስር ስቴቶች ገብተውበት ሥራ ላይ የዋለ አዲስ ውል አለ፤ የአንዱ ስቴት መምህር ሌላው ዘንድ ያለ ተጨማሪ ፈተና ላይሰንስ እንዲያገኝ የታሰበ ነው። እኛ ስንመጣ ቴክሳስ በውሉ ውስጥ አልነበረችም።

እዚህ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ወረቀትሽን ያስገመግሙሻል፤ ሳይገመገም ፈተና መቀመጥ አይቻልም። ከዛ የአንድ ዓመት ሰርተፊኬት ይሰጡሻል፤ ላይሰንሱን እዚህ እንዲህ ነው የሚሉት። በዛ ዓመት ውስጥ የስቴቱን ፈተና ማለፍ አለብሽ። ተመሳሳይ ፈተና ሌላ ስቴት ካለፍሽ ነጻ ልትሆኚ ትችያለሽ ይላሉ፤ የኔ ፕራክሲስ፣ ሜሪላንድ የተፈተንኩት የመምህራን ፈተና፣ የድሮው ስለነበር አልተያዘልኝም። ስለዚህ ስንት ዓመት ያስተማርኩትን ሂሳብ እንደገና ተፈተንኩ። ከ7 እስከ 12ኛ ክፍል ላሉት የሚሰጠው 100 ጥያቄ ነው፣ 5 ሰዓት። ማለፊያው ከ300 240 ነው። ከባድ ሆኖ አይደለም። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ የኔ ተማሪ መሆን የሚችል ነበር፣ ያ ነው ትንሽ የከነከነኝ። የጣት አሻራም እንደ አዲስ ነው። ሜሪላንድ ሰጥቻለሁ ብትዪ የሚሰማሽ የለም። የአገር ቤቱን ዲግሪ ደግሞ በዝርዝር አስገምግሚ ተባልኩ። ደሴ እያለን ለዝውውር መሸኛ ፍለጋ ስንመላለስ ያማረርነው ትዝ ይልሻል? ያን ጊዜ ቢያንስ ቢሮው አንድ ነበር።

ቢሮው አንድ አለመሆኑ ነው ሌላው ጣጣ። ሜሪላንድ 24 የትምህርት ዲስትሪክት ብቻ ነው ያለው፤ ካውንቲሽ ተቀጠርሽ ማለት አለቀ። ቴክሳስ ከ1,000 በላይ ዲስትሪክት አለው። ዳላስ አካባቢ መንገድ ስትሻገሪ ዲስትሪክት ሊቀየር ይችላል። እያንዳንዱ የራሱ ማመልከቻ አለው፣ የራሱ የምስክር ቅጽ አለው። የድሮ አለቆቼ ያው ቅጽ በተለያየ መልክ እየደረሳቸው ተሰላቹ። አንዷ ጡረታ ወጥታ የሥራ ኢሜይሏ ተዘግቷል፤ ሲስተሙ ደግሞ የግል ኢሜይል አልቀበልም ይላል። የአለቆችሽን የግል ስልክ ከአሁኑ ያዢ።

አሁን የሚያናድደውን ልንገርሽ። እኔ ወረቀቴ እስኪገመገም ስጠብቅ፣ ጭራሽ ላይሰንስ የሌላቸው ሰዎች እየተቀጠሩ ነበር። ወሬ አይደለም። በ2015 የወጣ ሕግ አለ፤ ዲስትሪክቶች እቅድ አውጥተው ካጸደቁ ላይሰንስ የሌለው መምህር መቅጠር ያስችላቸዋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ቴክሳስ ውስጥ በአዲስ ከሚቀጠሩት ሲሶ ያህሉ ያለ ሰርተፊኬት የገቡ ናቸው። በ2025 ይህን በዋና ዋና ትምህርቶች ላይ ቀስ በቀስ የሚያጠብ ሕግ ወጥቷል። መጀመሪያ ስሰማ «እኔስ ታዲያ እንደነሱ ለምን አልገባም?» አልኩ። አንድ የቅጥር ሠራተኛ በጨዋ ደንብ አስረዳችኝ። ልምድ ያለው ሰው የደሞዝ እርከኑ ከፍ ይላል፤ አዲሱ ይረክሳል። እንዲህ በቀጥታ አላለችውም፤ «ባጀታችን» ነው ያለችው። አንቺና እኔ ማለት የምንጠፋ ግን ደግሞ የምንወደድ ዕቃ ነን።

ቃለ መጠይቁም ሌላ ዓለም ነው። ቴክሳስ ኮመን ኮርን፣ ብዙ ስቴቶች በጋራ የያዙትን የትምህርት መመዘኛ፣ አልተቀበለችም፤ በ2013 ትምህርት ቤቶች እንዳይጠቀሙበት በሕግ ከልክላለች። የራሷ መመዘኛ አላት፣ ቲክስ ይሉታል። ስታር የሚባለው የስቴት ፈተና የሚወጣው ከሱ ነው። እኔ ስለ ተማሪዎቼ ስናገር ርዕሰ መምህሩ ሳቅ ብሎ «የትኛው ቲክስ ላይ ነው ይሄ?» አለኝ። አልጀብራው እኮ ያው አልጀብራ ነው! ቁጥሩንና ቋንቋውን ግን ማወቅ አለብሽ። ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ፤ ከመምጣትሽ በፊት ያንቺን ክፍል አውርደሽ አንብቢው። ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ «ኢ ኤስ ኤል አለሽ?» ነው። ብዙ ቦታ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆኑ ልጆችን ለማስተማር የሚያስችል ተጨማሪ ሰርተፊኬት ይፈልጋሉ። አማርኛ መናገርሽ ደስ ይላቸዋል፤ ሁለት ቋንቋ በመቻል ከሚገኝ የደሞዝ ጭማሪ ጋር ግን ግንኙነት የለውም። እሱ በአብዛኛው ለስፓኒሽ ነው።

ታዲያ እንዴት ገባሽ ትዪኝ ይሆናል። በተተኪነት። ኦገስት አጋማሽ ላይ ትምህርት ሲከፈት ሥራ ስላልነበረኝ ሰብስቲትዩት ሆኜ ጀመርኩ። ደሞዙን አልነግርሽም፣ ባለቤቴ ይስቅብኛል። ግን አየሽ፣ ሰው ወረቀትሽን ሳይሆን አንቺን ያያል። ከገና እረፍት በኋላ አንድ የአልጀብራ መምህር ሳይመለስ ቀረ። ርዕሰ መምህሯ ኮሪደር ላይ አስቁማኝ «ሰኞ መጀመር ትችያለሽ?» አለችኝ። ያ ሁሉ ማመልከቻ ያላመጣውን አንድ የተከፈተ ክፍል አመጣው። እስካሁን እዛው ነኝ። ልጆቹን ወድጃቸዋለሁ፤ ጥግ ላይ የሚቀመጡት ሁለቱ ግን ዕድሜዬን ያሳጥሩታል።

ደሞዙ ላይ አንድ ነገር አትርሺ። የልምድ ማስረጃሽ፣ እዚህ ሰርቪስ ሪከርድ የሚሉት፣ በቀድሞው መሥሪያ ቤትሽ ተሞልቶና ተፈርሞ እስኪደርስ ድረስ እኔን በዜሮ ዓመት ነው የከፈሉኝ። ሲደርስ አስተካከሉት። ከመልቀቅሽ በፊት ቅጹን አስሞልተሽ በእጅሽ ይዘሽ ነይ፤ ከለቀቅሽ በኋላ የሚያስታውስሽ የለም። ማስተርስሽ ደግሞ እዛ የሚያመጣልሽን ያህል እዚህ አያመጣም። ማኅበርም አለ፣ ግን በደሞዝ ላይ እንደ ሜሪላንዱ ተደራድሮ የጋራ ውል አይፈርምም፤ የቴክሳስ ሕግ ይከለክለዋል። በስንት ዓመት ልምድ መጥተሽም መጀመሪያ የምትፈርሚው አብዛኛውን ጊዜ የሙከራ ውል ነው።

ዋናው ግን ጡረታው ነው። ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝም እሱ ነው። ከጁላይ 2011 ወዲህ የገባ የሜሪላንድ መምህር ጡረታው የሚጸናለት 10 ዓመት ሲሞላው ነው። ከዛ በፊት ከወጣ ከደሞዙ የተቆረጠውን ከነወለዱ ይወስዳል፤ በእርጅናው የሚጠብቀው የወር ገንዘብ ግን አይኖርም። አንቺ ከኔ በኋላ ነው የገባሽው፣ እኔ ደግሞ ከሞላልኝ ብዙም ሳልቆይ ነው የወጣሁት። አሥሩ አልሞላሽም ብዬ ነው የፈራሁት። እዚህ ደግሞ በአዲስ ትጀምሪያለሽ፤ 5 ዓመት ያስፈልጋል፣ ከደሞዝሽ 8.25 በመቶ ይቆረጣል። አብዛኞቹ የቴክሳስ መምህራን ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ማለትም የፌዴራሉን የጡረታ መዋጮ፣ አይከፍሉም፣ ስለዚህ ያም ባለበት ይቆማል። ድሮ እንዲህ ዓይነት ጡረታ ያለው ሰው ሶሻል ሴኩሪቲው ይቀነስበት ነበር። እሱ በጃንዋሪ 2025 በሕግ ተነስቷል፤ የሜሪላንድ መዋጮሽ አይነካም።

ስለዚህ እኔ ብሆን አሥሩን ሳልሞላ አልንቀሳቀስም ነበር። ባልሽ ቤቱ ዋጋው ሊጨምር ነው እያለ ይቸኩልሽ ይሆናል። የኔም እንደዛው ነበር። ይጨምር። ስትመጪም በሰመር ሳይሆን ከፀደዩ ጀምረሽ አመልክቺ፤ ርዕሰ መምህራን የሚቀጥሩት ከኤፕሪል ወዲህ ነው። የኮንትራቱን ቀን ደግሞ ተጠንቀቂ። እዚህ ፈርመሽ ሐሳብሽን ከቀየርሽ፣ ትምህርት ሊከፈት ቢያንስ 45 ቀን ሲቀረው ማቋረጥ አለብሽ፤ ከዛ ወዲያ ብትለቂ ሰርተፊኬትሽ ላይ ቅጣት ሊመጣብሽ ይችላል።

የጡረታ መግለጫሽን ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፣ አብረን እንቁጠረው። ለፋሲካ እረፍት ግን ለጉብኝት ነይ። ትርፍ ክፍል አለን፤ ትምህርት ቤቱንም አሳይሻለሁ፣ ርዕሰ መምህሯም ትይሽ። እማማን ሳሚልኝ፤ የላኩልኝ በርበሬ አልቋል በያቸው።

ጓደኛሽ