የትናንሽ ከተሞች ዜናም ቦታ ይሰጠው

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው የጫጫ ከተማ ነዋሪ ነኝ። የደብረ ብርሃን ዜና በጋዜጣችሁ በሚገባ ይወጣል፤ የእኛ ግን የሚነገረው ብዙ ጊዜ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ባለፈው ክረምት የችግኝ ተከላው ቀን የተነገረን በዋዜማው ምሽት ስለነበር፣ ዶማቸውን ይዘው ለመውጣት ፈቃደኛ የነበሩ ብዙ ጎረቤቶቼ ሳይሰሙ ቀርተዋል፤ እኔም ከነልጆቼ መቅረቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

አሁን ደግሞ ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት፣ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ እየቀረቡ ስለሆነ፣ ታቦታቱ በሚያልፉበት ሰዓት የትኛው መንገድ ለተሽከርካሪ እንደሚዘጋ፣ እንዲሁም የዕድር ስብሰባና የጽዳት ዘመቻ ቀኖችን አስቀድሞ የሚያሳውቅ አንድ አነስተኛ ዓምድ እንዲከፈትልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። መረጃውን ከየዕድሩ ጸሐፊዎች እየሰበሰብኩ በየሳምንቱ ለመላክ ፈቃደኛ ነኝ።

አክባሪዎ፣
የጫጫ ነዋሪ