ደብዳቤ ለልጄ፦ የእሑድ በራድ

ልጄ፣ የኔ ዓለም፣ አሰላሙ ዓለይኩም።

እንዴት ነሽልኝ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱን ትንሽ ያመዋል እንጂ ሌላ ችግር የለም። ደሴ ሰሞኑን ብርድ ነው። ከጦሳ የሚወርደው ጭጋግ እስከ ረፋድ አይገፈፍም፣ ጋቢ ለብሰን ነው የምንውለው።

በስልክ ያልሽኝ ከልቤ አልወጣም። "እማዬ፣ ቦንጋ ከመጣሁ ሦስት ወር ሆነኝ፣ ከሥራ ስወጣ የማናግረው ሰው የለኝም" አልሽኝ። መስመሩ እየተቆራረጠ "አብሽሪ" ከማለት ያለፈ አልመለስኩልሽም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አዘንኩ። እስቲ በወረቀት ልመልስልሽ። የምጽፍልሽ ስለ ሻይ ነው። ታገሽኝ፣ ካንቺ ነገር ጋር ይገናኛል።

የኛ ቤት ቡና የማይጠፋበት ቤት እንደሆነ ታውቂያለሽ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይወርድ ቀኑ አይመሽም። ቡናውን ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ ጎረቤቱን ጠርቼ ነው የኖርኩት፤ ወደፊትም እንደዚያው ነኝ። ልቤ ያለው ግን ሻይ ላይ ነው። ይህን ላንቺም ነግሬሽ አላውቅም። ወሎ ውስጥ ረከቦት ፊት ተቀምጣ "እኔስ ሻይ ይሻለኛል" የምትል ሴት ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

ክረምት መግቢያ ላይ ጎረቤት ቡና ተጠርተን ሄድን። ልብስ ሰፊዋ ስኒዋን ሳትነካ መለሰች። ቡና ልቧን እያስመታት ተቸግራለች። "ሻይ ቢኖር ግን አልጠላም" አለች፣ ጥፋት እንደሠራ ሰው አንገቷን ደፍታ። እኔም አፌ ቀደመኝና "እሑድ እኔ ቤት ነይ፣ አፈላልሻለሁ" አልኳት። በሁለተኛው እሑድ የአክስቷን ልጅ ይዛ መጣች። ከዚያ አንዱ አንዱን እየጠራ አሁን ሰባት ሆነናል። እሑድ ከአስር ሶላት በኋላ እንሰበሰባለን። ደንባችን አንድ ነው። አዲስ ሰው ስሙን፣ ሰፈሩንና የሚወደውን ሻይ ይናገራል። ከዚያ ምድጃውን እንለቅለትና ሻዩን ራሱ አፍልቶ ያጠጣናል።

ጡረታ የወጡትን ሹፌር ታስታውሻቸዋለሽ፣ ልጅ ሆነሽ ከረሜላ ይሰጡሽ የነበሩትን። "ስሜን ታውቁታላችሁ፣ ሰፈሬ ሸዋ በር ነው፣ ሻዬ የሚሌ ሻይ ነው" አሉ። ጉልምስናቸውን በአሰብ መስመር ነው የጨረሱት። ከደሴ ቁልቁል ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ባቲ፣ ከዚያ ሚሌ፣ ከዚያ በረሃውን አቋርጦ ባሕሩ። ሚሌ ላይ የሰሌን ዳስ ስር አረፍ ብለው የሚጠጡትን ሻይ ሲያወሩ ፊታቸው ሁሉ ይለወጣል። ቀረፋና ቅርንፉድ የገባበት፣ ስኳሩ ከንፈር የሚያጣብቅ፣ በትንሽ ብርጭቆ። "በዚያ ሙቀት ትኩስ ሻይ እንዴት ይጠጣል?" አልናቸው። "ሻዩ ያልብሃል፣ ላቡን ነፋስ ሲያገኘው ትቀዘቅዛለህ" አሉን። አንድ ነገር ብቻ ዕድሜ ልካቸውን አልገባቸውም። ያንኑ ቅጠል፣ ያንኑ ቅመም ገዝተው ደሴ ሲያስፈሉት ያ ጣዕም የለም። ባለቤታቸው ስንት ዓመት ተወቅሰዋል መሰለሽ።

የመለሰችላቸው አንዲት ወጣት ፋርማሲስት ናት። ውሃ ከባሕር ጠለል ከፍ ባልን ቁጥር በትንሽ ሙቀት ይፈላል አለች። አሰብ ባሕሩ ዳር 100 ዲግሪ ላይ ነው የሚፈላው። የሚሌም ውሃ ከዚህ ቁጥር ብዙ አይርቅም። ኮምቦልቻ ስትደርሺ 94 ገደማ ይሆናል። ደሴ ግን 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን 92 እንኳን በቅጡ ሳይሞላ ይንተከተካል። ጥቁር ሻይ ደግሞ ኃይሉን የሚሰጠው በጣም ለጋለ ውሃ ነው። ሹፌሩ ዝም ብለው አዳመጡ። ከዚያ "እንግዲህ ወደ ቤት ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ" አሉ፣ ከልባቸው።

በሚቀጥለው እሑድ ሞከርነው። ቅጠሉን ጨመር አደረግን፣ በራዱን ከደንነው፣ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ አቆየነው። ሹፌሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ፉት አሉ። "ወደ ሚሌ ቀርቧል፣ ገና አልገባም" አሉ። አሁንም እየሞከርን ነው። ቦንጋ ከኛ ዝቅ ስለምትል ውሃችሁ ከኛ ይልቅ ይሞቃል፤ አንቺ ያን ያህል ማቆየት አያስፈልግሽም።

የፋርማሲስቷ የራሷ ሻይ አረንጓዴው ነው። እሱ የሚፈላ ውሃ አይወድም፣ ይመርበታል። ውሃውን አውርዳ 80 ዲግሪ ግድም እስኪሆን በረድ ታደርገዋለች። ከሷ የተማርኩት ሌላም አለ። አረንጓዴ ሻይ የሌላ ተክል ቅጠል ይመስለኝ ነበር። ተክሉ አንድ ነው። ቅጠሉ እንደተለቀመ በሙቀት ከተመታ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ተጨፍልቆ አየር ሲያገኘውና ሲጠቁር ደግሞ የኛው ጥቁር ሻይ ይሆናል። ስንት ዓመት ጠጥቼው ይህን አለማወቄ ገረመኝ።

አንድ ቀያሽ ልጅ ደግሞ አለ። ቱርኮቹ በኮምቦልቻ የሚያልፈውን የባቡር ሐዲድ ሲሠሩ አብሯቸው ነበር። ሁለት በራድ አንዱን ባንዱ ላይ ደርቦ ነው የሚያፈላው። ታችኛው ውሃ ብቻ ነው። ላይኛው ውስጥ የጠነከረ ሻይ በታችኛው እንፋሎት ቀስ ብሎ ይበስላል። ከላይኛው ትንሽ ይቀዳና ሁሉም እንደ አቅሙ በውሃ ያቀጥነዋል። ቱርኮች የጥሩ ሻይ ቀለም "የጥንቸል ደም" ይባላል ይላሉ አለን። ስሙን አልወደድነውም። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ሲያነሳው ግን ሁላችንም ዝም ብለን አየነው።

የልብስ ሰፊዋ የአክስት ልጅ ስምንት ዓመት ዱባይ ሠርታ የተመለሰች ናት። ሻይዋ ከረክ ይባላል። ጠንካራ ሻይ በወተት፣ ሄል የገባበት፣ እሳት ላይ ቆይቶ የወፈረ። በጣም ይጣፍጣል። ስታፈላ እጇ አይሳሳትም፣ ልኬት አያስፈልጋትም። አፍልታ፣ ለሁላችንም ቀድታ ቆመች። "ተቀመጪ እንጂ" አልኳት። "ስምንት ዓመት አፍልቼዋለሁ፣ ተቀምጬ ጠጥቼው አላውቅም" አለች። እጇን ይዤ አስቀመጥኳት። ልጄ፣ ያን ቀን ሌላ ወሬ አላወራንም።

ከወረኢሉ የመጡ እናት ጦስኝ ይዘው ሲመጡ ክርክር ተነሳ። ቀያሹ "የሻይ ቅጠል ከሌለው ሻይ አይባልም" አለ። ፋርማሲስቷም በተክሉ ከሄድን ልክ ነው አለች። እኔ ግን አልተስማማሁም። ጉንፋን ሲይዘን እናቶቻችን "ጦስኝ ሻይ ጠጪ" ነው ያሉን። ደጋ ላይ የኖረ ሰው ሻዩ እሱ ነው። ስሙን ከአፋቸው ልንነጥቃቸው አይገባም። ይኸው እስካሁን ይመጣሉ፣ የጦስኙ ሽታም ቤቱን ይሞላዋል።

አሁን ወደኔ ልምጣ። ባለቤት ስለሆንኩ የሚዘሉኝ መስሎኝ ነበር። አንድ እሑድ ቀያሹ "አንቱስ እትዬ? የአንቱ ሻይ ምንድን ነው?" አለኝ። ደነገጥኩ።

በደርግ ጊዜ ስኳር በቀበሌ በልክ ነበር የሚታደለው። አያትሽ የደረሳትን ለረመዳንና ለእንግዳ ትደብቀዋለች። እኛ ልጆቹ ሻዩን ከረሜላ እየመጠጥን እንጠጣለን። ከረሜላውም ሲያልቅ ባዶውን። መጀመሪያ ተፋሁት። እያደር ግን ሌላ ነገር አገኘሁበት። ሽታው ዝናብ ያረሰረሰው ድርቆሽ ይመስላል። ከዚያ ምሬቱ ይመጣል። ምሬቱ ሲያልፍ ከምላስ ሥር ቀጭን ጣፋጭነት ይቀራል። ስኳር ያንን ይሸፍነዋል። በኋላ ስኳር እንደልብ ሲገኝ እኔ አላሻኝም። ግን እንዴት ብዬ ልናገር? እኛ አገር ስኳር የሌለው ሻይ ማቅረብ መሰሰት ነው። ስለዚህ ሰው ፊት እያማሰልኩ ኖርኩ። ለብቻዬ ስሆን ባዶውን እጠጣለሁ።

"ቅጠልና ውሃ ብቻ" አልኩት። ቤቱ ጸጥ አለ። ሹፌሩ ብርጭቋቸውን ዘረጉልኝና ቀዳሁላቸው። ሁለቴ ፉት ብለው "ቅጠሉን ገና ዛሬ አገኘሁት" አሉ። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ቀስ ብላ "እኔም ቤቴ ስሆን ስኳር አላደርግም" አለች። ልጄ፣ ከሷ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ግድግዳ ኖረናል። ለቅሶውንም ሠርጉንም አብረን ነው ያሳለፍነው። እሷ ለኔ ብላ ስኳር ትጨምራለች፣ እኔ ለሷ ብዬ እጨምራለሁ። ሁለታችንም የማንወደውን ጠጥተን እንለያያለን። አሁን ማታ ማታ ግድግዳውን ታንኳኳለች፣ በራዱን ይዤ እወጣለሁ።

ይህን ሁሉ የምነግርሽ ለዚህ ነው። ከማያውቁሽ ሰዎች መሃል ስለ ራስሽ ማውራት እንደሚከብድሽ አውቃለሁ፣ ከልጅነትሽም እንዲያ ነሽ። በሻይ ጀምሪ። የካፋ ሰዎች ከቡና ቅጠል በዝንጅብልና በቅመም የሚያፈሉት ጨሞ የሚባል መጠጥ አላቸው። የሐረር ሰዎችም የቡና ቅጠል ያፈላሉ፣ ቁጢ ይሉታል። እኛ ወሎዎች ግን ፍሬውን እንጂ ቅጠሉን አናውቀውም። የቤት አከራይሽን "እስቲ ጨሞ አፈላል ያሳዩኝ" በያቸው። እናት ናቸው፣ እምቢ አይሉሽም። በሳምንቱ ደግሞ ያንቺን አፍልተሽ ውሰጂላቸው።

አንድ ቅዳሜም ውሽውሽ ሂጂልኝ። እኛ እዚህ ከሱቅ የምንገዛው ሻይ የሚበቅልበት አገር አጠገብሽ ነው። ቁጥቋጦው ካልተገረዘ ዛፍ ይሆናል አሉ፤ ወገብ ላይ የሚያቆሙት ለለቃሚዎቹ እንዲመች ነው። የሚለቀመውም ከጫፉ እንቡጡና ሁለቱ ለጋ ቅጠል ብቻ ነው። ዓይተሽ ጻፊልኝ። ሹፌሩ በተለይ የለቃሚዎቹ እጅ እንዴት እንደሚፈጥን ማወቅ ይፈልጋሉ። ሰው ካገኘሽ ግማሽ ኪሎ ላኪልኝ።

ሻይ ከምግብ ጋር አትጠጪ። በምግቡ ውስጥ ያለውን አይረን ያስቀራል፣ አንቺ ደግሞ ደም ማነስ ነበረብሽ። ከበላሽ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆዪ።

ስላንቺ ነግሬያቸዋለሁ። ስምሽን አውቀዋል፣ ሰፈርሽም ቦንጋ ተብሏል። ሻይሽን ሲጠይቁኝ ዝንጅብል የበዛበት በሎሚ ልል ነበር፣ ከትምህርት ቤት ስትመጪ የምትወጂውን። ግን ተውኩት። ያ የልጅነትሽ ነው፤ የዛሬውን አንቺ ነሽ የምትናገሪው። ጻፊልኝና እሑድ አነብላቸዋለሁ። ብርጭቆሽን ከሰባቱ ጎን አስቀምጬዋለሁ።

እናትሽ