በጦሳ ሣር ላይ ዩሪያ ከመበተኑ በፊት

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

በጦሳ ተራራ ተዳፋትና በደሴ ዙሪያ ከግጦሽ የተከለሉ የሣር መሬቶች ድርቆሻቸው እንዲበረክት ዩሪያ ይበተንባቸው የሚል ሐሳብ ከተለያዩ ሰዎች እየሰማሁ ነው። በበጋ የአንድ ሸክም ድርቆሽ ዋጋ ያስጨነቀው ሰው ይህን ሐሳብ ሊንቅ አይችልም። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነውና ሣሩን ማሳደጉም አያጠራጥርም። እኔን ያሳሰበኝ ከሣሩ ሥር ያለው ሕይወት ነው።

በአንድ ካሬ ሜትር የሣር መሬት ውስጥ ኔማቶድ የሚባሉ ክር መሰል ትሎች በሚሊዮኖች ይኖራሉ። ኔማቶድ ሲባል ብዙ ሰው የሰብል ጠላት ብቻ ይመስለዋል፤ ባክቴሪያ የሚበላ፣ ሻጋታ የሚበላ፣ ሌሎቹን ኔማቶዶች የሚያድንም አለ። ኮለምቦላ የተባሉት ክንፍ አልባ ነፍሳት ደግሞ ከሆዳቸው ሥር በታጠፈች መወንጨፊያ ይዘላሉ፤ የመዥገር ዘመድ የሆኑ ባለ ስምንት እግር ደቃቆችም አሉ። የደረቀ ሣርና ፋንድያ የሚያደቁት፣ በውስጡ የተያዘውንም ናይትሮጅን ለሥር የሚመልሱት እነዚህ ከባክቴሪያና ከሻጋታ ጋር ሆነው ነው።

ዩሪያ አፈር ውስጥ ገብቶ ወደ ናይትሬት ሲለወጥ አሲድነትን ይጨምራል። ረጃጅሞቹ ሣሮች ይፋፋሉ፤ ናይትሮጅን ከአየር በነጻ የሚያስገባልን ማገጥ ግን በጥላቸው ተውጦ ይቀጭጫል። በተራራ ሣር መሬቶች ላይ በተደረጉ አንዳንድ ጥናቶች እንደታየው፣ ቶሎ የሚባዙት ባክቴሪያ በል ኔማቶዶች ሲበዙ ሻጋታ በሎቹና አዳኞቹ ይመነምናሉ። ስለዚህ ጠቅላላ ቁጥሩን ብቻ ቆጥሮ «ምንም አልጎደለም» ማለት ያሳስታል።

በእንግሊዝ አገር በሮትሃምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1856 ጀምሮ የሚካሄድ የሣር መሬት ሙከራ አለ። አሞኒየም ሰልፌት ያለ ኖራ ሲበተንባቸው በኖሩት ቁራሾች አፈሩ እጅግ አሲዳማ ሆኖ የምድር ትል ጠፍቷል፤ ያልበሰበሰው ሣርም ተደራርቦ ተነባብሯል። ያ ቦታ ተራራ አይደለም፣ ማዳበሪያውም ዩሪያ አልነበረም፤ ጦሳ ነገ እንዲያ ይሆናል አልልም። የእኛ ተዳፋት ግን ሌላም ጣጣ አለበት፤ የሐምሌ ዶፍ የተበተነውን አጥቦ ወደ ቦርከና ወንዝ ሊያወርደው ይችላል።

ታጭዶ በተወሰደው ድርቆሽ ፈንታ ለመሬቱ አንድ ነገር መመለስ እንዳለበት አምናለሁ። የሚሻለው ፍግ ነበር፤ እርሱ ግን ኩበት እየሆነ ምድጃ ይገባል፣ ማገዶ ለሌላት እናትም «ኩበትሽን ተይ» ማለት አይቻልም። ቢያንስ ከክረምቱ በፊት የአፈሩ አሲድነት ይለካ፤ ከየመሬቱ ዩሪያ የማይነካው ቁራሽም ለማነጻጸሪያ ይቅር። በአፈሩ ያሉትን ደቃቅ ነፍሳት መቁጠር ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ግርጌው ተቆርጦ የተገለበጠ የውሃ ፕላስቲክ፣ በላዩ አፈር የያዘ ወንፊት፣ ከላይ አምፖል፣ ከታች ጠንካራ አረቄ ያለበት ብርጭቆ ይበቃል፤ ኮለምቦላዎቹ ሙቀቱን ሸሽተው ራሳቸው ይወርዳሉ። ኔማቶድ በዚህ አይያዝም፣ እርሱ ማይክሮስኮፕ ይፈልጋል። ለዚያ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ተማሪዎች ከደሴ ሩቅ አይደሉም።

አንድ አንባቢ፣ ከደሴ