ከደመናው በላይ መውጣት ሁልጊዜ መፍትሔ አይሆንም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የአውሮፕላን አደጋ በተሰማ ቁጥር «ዝናብና ነጎድጓዱን ካየ ለምን ከፍ ብሎ አላለፈውም?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ብዙዎች የሚያግደው የሞተር ጉልበት ብቻ ይመስላቸዋል። ክንፉም የራሱ ጣሪያ አለው፤ ይህ ሳይነገር መቅረት የለበትም።

ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። በ21 ኪሎ ሜትር ላይ በባሕር ወለል ካለው እፍጋት የሚቀረው አንድ አሥራ ስድስተኛ ገደማ ነው። ክንፉ ያንኑ ክብደት እንዲሸከም አውሮፕላኑ አራት እጥፍ መፍጠን አለበት። ከዚያ ካነሰ አየሩ ከክንፉ ገጽ ይላቀቅና መሸከም ያቅተዋል፤ ስቶል የሚባለው ይህ ነው። በሌላ በኩል ብርዱ የድምፅን ፍጥነት ዝቅ ያደርገዋል፤ በ15 ዲግሪ ሙቀት በሰዓት 1,225 ኪሎ ሜትር የነበረው ከዜሮ በታች በ56.5 ዲግሪ ወደ 1,062 ይወርዳል። ወደዚህ ፍጥነት ሲጠጉ ክንፉ ላይ ሾክ ዌቭ (ድንገተኛ የአየር ግፊት ማዕበል) ይፈጠራል፣ አውሮፕላኑ ይንቀጠቀጣል፣ አፍንጫውም ሊደፋ ይችላል። ሁለቱ ወሰኖች በግራፍ ሲሳሉ ከላይ ተጠጋግተው የሚገጥሙበትን ጥግ አብራሪዎች «ኮፊን ኮርነር» ይሉታል፤ የሬሳ ሣጥን ጥግ እንደማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1955 መብረር የጀመረው የአሜሪካው የስለላ አውሮፕላን ዩ-2 የሚሠራው እዚሁ ጥግ አጠገብ ነው። በከፍታው ጫፍ በሁለቱ ወሰኖች መካከል የሚቀረው 10 ኖት ገደማ ነው (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው)፤ አንዳንዴም ከዚያ ያንሳል። ሲታጠፍ የውስጠኛው ክንፍ ስቶል ይሆናል፣ የውጪው ከልክ ያልፋል ሲባል ይሰማል። በ15 ዲግሪ አጋድሎ ሲዞር ግን የክንፎቹ ጫፎች የፍጥነት ልዩነት 1 ኖት እንኳ አይሞላም። ዋናው ጠንቅ ክብደቱ ነው፦ በ30 ዲግሪ ማጋደል ክንፉ የሚሸከመው በ15 በመቶ ይጨምራል፣ የስቶል ፍጥነቱም በ7 በመቶ ከፍ ይላል። 100 ኖት የነበረው 107 ሲሆን ከ10 ኖቱ መተንፈሻ አብዛኛው አለቀ ማለት ነው።

የመንገደኛ አውሮፕላን ከዚህ ጥግ ርቆ ይበርራል። አብራሪው ከፍታ ከመጠየቁ በፊት የዕለቱን ክብደትና የውጪውን ሙቀት ይመለከታል፤ ነዳጁ እየተቃጠለ ክብደቱ ሲቀንስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። በረዶ መከላከያው ሲከፈት ደግሞ ሞተሩ ጉልበት ያጣል። ነሐሴ 16 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. ቬኔዙዌላ ላይ የወደቀው የኮሎምቢያው አየር መንገድ የዌስት ካሪቢያን ኤምዲ-82 አውሮፕላን በ33,000 ጫማ ላይ እንዲህ ፍጥነቱ እየተመናመነ ስቶል ገባ፤ 160 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ከፍታ ላይ ሞተሩ ትርፍ ጉልበት ስለሌለው ጋዝ በመጨመር ብቻ ከስቶል መውጣት አይቻልም። አፍንጫውን መድፋት፣ በብዙ ሺህ ጫማ መውረድንም መቀበል ያስፈልጋል። መሪውን ወደ ራስ መሳብ ስቶሉን ያጠናክረዋል፤ በዚያ በረራ መሪው አውሮፕላኑ መሬት እስኪመታ ድረስ ወደኋላ እንደተሳበ ነበር።